ሜዳውን ማን ወሰደው? የጉለሌ ልጆች ከደጅ የጠፉበት ታሪክ

«የዘንድሮ ልጅ ከስልክ ላይ አይነሳም።» ይህን ያላለ ወላጅ፣ ይህን ያልሰማ ልጅ በአዲስ አበባ ያለ አይመስለኝም። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ሸጎሌ በየቤቱ የሚሰማ ክስ ነው። ተከሳሹም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስልክ። ቀጥሎ ደግሞ ልጁ ራሱ።

ክሱ ግን የጊዜ ቅደም ተከተል ይጎድለዋል። ስልኩ ልጁ እጅ የገባው ሜዳው ከታጠረ፣ መንገዱ ለመኪና ከተሰጠና ሰዓቱ ከተሞላ በኋላ ነው። ልጁን ደጅ የሚያቆየው ነገር አንድ በአንድ አልቆ ነበር፤ ስልኩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ጉለሌን ይዘን ይህን ታሪክ ከሥሩ እንየው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰፈር ሲመሠረት

ጉለሌ ከከተማዋ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ስም ነው። በእንጦጦ ግርጌ ይኖሩ ከነበሩት የኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ መጠሪያ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አስቀድሞ መንገድ ተቀይሶላት አልነበረም፤ የተመሠረተችው በሰፈር ነው። መኳንንቱ በየኮረብታው ግቢ ያዙ፤ ጭፍራው፣ አሽከሩና ባለ እጁ በዙሪያቸው ሰፈረ። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝ፣ ገደል፣ የግጦሽ መስክ፣ ኋላም ባሕር ዛፍ ነበር። የማንም የማይመስለው ይህ በመካከል የቀረ መሬት የሁሉም ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ የመጀመሪያ ሜዳም ይኸው ነው።

ከሜዳዎቹ ሁሉ ትልቁ ከስድስት ኪሎ አለፍ ብሎ ያለው ጃንሜዳ ነው። የጃንሆይ ሜዳ ነበር፤ ጥምቀት ይከበርበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ገና ይመታበታል፣ ኳስ ይጠለዝበታል። ለሰሜን አዲስ አበባ ልጅ ግን ጃንሜዳ የበዓል ቀን ሜዳ ነው። የዘወትሩ ሜዳ ከቤቱ በር ሃምሳ እርምጃ የማይርቀው፣ ስም እንኳ የሌለው ቁራሽ መሬት ነበር።

ደጅ የልጁ ሳሎን በነበረበት ዘመን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ቀበሌም በዚሁ አዋጅ እግር ተከለ። የጉለሌ የጭቃ ቤቶች በብዛት የቀበሌ ቤት ሆኑ። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ ይኖራል፤ የውኃ መቅጃው፣ ማዕድ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ ነው። ክፍሏ ለአልጋና ለምጣድ እንኳ አትበቃም። ስለዚህ ልጁ ደጅ የሚውለው እናትና አባቱ ስለ ልጆች እድገት መጽሐፍ አንብበው አልነበረም። ቤት ውስጥ መቆሚያ ስለሌለ ነው። «ውጣና ተጫወት» የሚለው ቃል ምክርም ትእዛዝም ነበር።

ደጅ ደግሞ ሁሉም ነገር አለ። ብይ፣ ቆርኪ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ፔፕሲ፣ ሌባና ፖሊስ፣ እቃ እቃ፣ የጨርቅ ኳስ። ከሁሉም በላይ ዓይን አለ። ሽንኩርት የምትከትፍ እናት፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አዛውንት፣ የሱቁ ባለቤት። ማንኛቸውም ያጠፋ ልጅ ጆሮ የመቆንጠጥ መብት ነበራቸው፤ ወላጅም ሲሰማ ይደግም እንደሆነ እንጂ አይከስም።

ዘመኑን ግን አናሳምር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ያው ደጅ ሬሳ የሚጣልበት ነበር፤ ሰዓት እላፊውም ከተማውን በጊዜ ወደ ቤት ይሰበስብ ነበር። ደግሞም ሁሉም ልጅ አልተጫወተም። በሽሮ ሜዳና በቀጨኔ ከሸማ ሥራው አጠገብ ማግ ሲያጠነጥኑ የዋሉ፣ ከጋሞ ደጋ መጥተው በልጅነታቸው ጉድጓድ የገቡ ብዙ ናቸው። ሴቶች ልጆች ሱዚያቸውን አቋርጠው ውኃ ሊቀዱ ይጠሩ ነበር፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱም ነበሩ። «ድሮ ልጅ ሁሉ ይጫወት ነበር» የሚለው ትዝታ በአብዛኛው የወንዶች፣ ያውም ከሥራ ነፃ የሆኑት ወንዶች ትዝታ ነው። ይህን ማንሳቴ ከኋላችን ገነት እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው። ይሁንና ከዚያ ሽብር በኋላ እንኳ ልጆች ወደ ደጅ ተመልሰዋል። ፍርሃት ብቻውን አላስቀራቸውም፤ ሜዳውም፣ ጓደኛውም፣ ጎረቤቱም እዚያው ነበሩና። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? አምስት ነገሮች እቆጥራለሁ።

1ኛ፦ መሬቱ ዋጋ አወጣ

በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ሆነ፤ ከዚያ ውስጥ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ብቻውን ከ260 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። በመካከሉ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ። ትናንት ኳስ የሚጠለዝበት ክፍት ቦታ በካሬ ሜትር የሚተመን ሀብት ሆነ። ለአንዱ ቢሮ፣ ለአንዱ ጋራዥ፣ ለአንዱ መጋዘን፣ ለአንዱ በሕገወጥ መንገድ የታጠረ ቤት ሆነ። ልጅ በሊዝ ጨረታ አይወዳደር፤ አቤቱታም አይጽፍ። ስለዚህ የከተማው ቀላሉ መሬት የልጆች መሬት ነው።

ጃንሜዳ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወቅት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር፤ ሜዳው የተለቀቀው የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነበር፣ ውሳኔውም ምክንያት ነበረው። ግን ተመልከቱ፤ ከተማው ሲጨንቀው በመጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ወደ ሜዳ ነው።

«ጉለሌ እኮ አረንጓዴ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ክፍለ ከተማው 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ሰፊው ላይኛው ክፍል ግን የእንጦጦ ደን ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ብቻ 705 ሄክታር ይሸፍናል። የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል። ሁለቱም ውብ ናቸው። ነገር ግን ቤተሰብ እሑድ ተዘጋጅቶ የሚሄድበት ቦታና የስምንት ዓመት ልጅ እንጀራውን ጎርሶ ብቻውን ሮጦ የሚደርስበት ቦታ ለየቅል ናቸው። ጉለሌ ተራራ ሙሉ አረንጓዴ አለው፤ ከተራራው ሥር ባሉት ሰፈሮች ግን ልጅ ኳስ የሚያስቀምጥበት መሬት ያጣል።

2ኛ፦ መንገዱ ተነጠፈ

ኮብልስቶን ወደየመንደሩ ሲገባ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ያስነጠፈበት ሰፈር ብዙ ነው። የክረምቱ ጭቃ፣ የበጋው አቧራ ቀረ። ግን አቧራማው መንገድ መኪና የሚፈራው መንገድ ነበር። ሲነጠፍ መኪናው ገባ፤ ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ አደረ። ልጅ ጉልበቱን ሳይፈራ የሚወድቅበት አፈርም ድንጋይ ሆነ። መሬትን ማጣት በጨረታና በአጥር ይታያል፤ መንገድን ማጣት ግን ማንም ሳይወስን የሚሆን ነገር ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1971 ከሰባትና ስምንት ዓመት ልጆች 80 በመቶው ትምህርት ቤት ያለ አዋቂ ይሄዱ ነበር፤ በ1990 ግን 9 በመቶው ብቻ። በዚያ ዘመን ስማርት ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። በኔዘርላንድ ደግሞ በ1971 በአንድ ዓመት ብቻ ከ400 በላይ ልጆች በመኪና አደጋ ሞቱ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው ተደራጅተው አደባባይ ወጡ። በ1976 በተለዩ የመኖሪያ መንገዶች መኪና በእግር እርምጃ ፍጥነት እንዲሄድ፣ ልጆችም መንገዱ ላይ እንዲጫወቱ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። መንገዱን ያስመለሰው የወላጅ ጩኸት ነው።

እኛም ምልክቱን አይተናል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል አንዳንድ ዋና መንገዶች በእሑድ ለመኪና ሲዘጉ ልጆች ብስክሌትና ሮለር ይዘው አስፋልቱን ሞሉት። እነዚያው ስልክ አይለቁም የተባሉት ልጆች ናቸው።

3ኛ፦ ሰዓቱ ተሸጠ

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ሲያስተምሩ ልጁ ግማሽ ቀን የራሱ ነበር። ለትምህርት ጥራት ጥሩ አልነበረም፤ ለጨዋታ ግን ወርቅ ነበር። ዛሬ ወላጅ ከአቅሙ በላይ ከፍሎ ሙሉ ቀን ያስተምራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰርቪስ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰርቪስ፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ አስጠኚ። ቅዳሜም ቱቶሪያል። ልጁ ነፃ ሲሆን መሽቷል። በዚያ ላይ የትምህርት ቤት ጓደኛው የሌላ ሰፈር ልጅ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ደግሞ የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪ። ሳምንቱን ሙሉ የማይተዋወቁ ጎረቤታሞች ሆነዋል።

4ኛ፦ ልጆቹ ራሳቸው አነሱ

ይህኛውን ብዙ ሰው አያነሳውም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በአማካይ የምትወልደው 1.9 ልጅ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ 1.4 ወረደ፤ በ2008 ዓ.ም. 1.8 ሲሆን የአገሪቱ አማካይ ግን 4.6 ነበር። ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ መካከል የጋብቻ መዘግየትን፣ ሥራ ማጣትንና የቤት ችግርን ይጠቅሳሉ።

ጨዋታ ቁጥር ይፈልጋል። ብይ ለሁለት ይበቃል። ሱዚ ቢያንስ ሦስት ይፈልጋል። ሌባና ፖሊስ ግን ለሁለት ልጅ ምን ይሆናል? በየቤቱ አምስትና ስድስት ልጅ በነበረበት ሰፈር ሦስቱ ቢቀሩ ጨዋታው አይፈርስም። አንድና ሁለት ልጅ ባለበት ግን አንዱ ሲቀር ሌላው የሚወጣበት ምክንያት ያጣል፤ እሱ ሲቀር ሦስተኛው። ደጁ ባዶ ስለሆነ አይወጡም፤ ስለማይወጡም ደጁ ባዶ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ብቻውን «ልጄን ከነገ ጀምሮ አስወጣለሁ» ማለት የማይጠቅመው ለዚህ ነው። የሚወጣው ወደ ማን ነው?

5ኛ፦ ዓይኑ ተበተነ

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተገነቡ፤ የቆዩ ሰፈሮችም በመልሶ ማልማት ፈረሱ። ለብዙ ቤተሰብ ንጹሕ ውኃና የራስ መጸዳጃ ማለት ነበርና ትልቅ ነገር ነው። ግን በዕጣና በምትክ ቤት ሲበተን የሄደው ሰው ብቻ አይደለም፤ ዕድሩ፣ የቡና ጎረቤቱ፣ ልጁን በስሙ የሚጠራው ሁሉ ተበትኗል። በብሎኮቹ መካከል ለጋራ የተተወው ቦታም በብዙ ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ከአራተኛ ፎቅ ሆና ልጇን የምታይ እናት ብትጮህ እንኳ ታች የሚሰማት የሚያውቃት ሰው የለም።

መለኪያ የምትፈልጉ ከሆነ ቡሄን እዩ። በነሐሴ 12 ምሽት ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ሰፈሩን በር በበር ያንኳኳሉ፤ ማን ቤት ሙልሙል፣ ማን ቤት ብር እንዳለ ያውቃሉ፤ ሰውም የማን ልጆች እንደሆኑ ያውቃል። ዛሬ የብረት በር፣ ጥበቃ፣ «እናንተ ደግሞ የየት ልጆች ናችሁ?» የሚል ጥያቄ አለ። እንግዲህ በገዛ ሰፈሩ እንግዳ የሆነ ልጅ ቤቱ ቢቀመጥ ምን ይገርማል?

ስልኩ የመጣው እነዚህ ሁሉ ከሆኑ በኋላ ነው። ንጹሕ ነው አልልም፤ የከፈትነውን ባዶ ቦታ ግን የሞላው እሱ ነው። ስልኩን ብቻ ብንነጥቀው ልጁ ወደ ግድግዳ ያፈጣል እንጂ ወደ ሜዳ አይሄድም።

ታዲያስ?

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። የስምምነቱ አንቀጽ 31 ጨዋታን መብት ይለዋል። ወረቀቱ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

አሁን ከተማው እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የልጆች መጫወቻዎችና የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል፤ መልካም ነው። ጥያቄው ግን በዋናው መንገድ ዳር መብራት ስላለው መጫወቻ አይደለም። በሽሮ ሜዳ ጉያ፣ በቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ያለ ልጅ መኪና ሳይሻገር የሚደርስበት ሜዳ በፕላኑ ላይ አለ ወይ? የተረፈውስ ቁራሽ ቦታ በማን ስም ተመዝግቧል? እነዚህ ዛሬ በወረዳ ስብሰባ ሊጠየቁ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው። ነገ ሲታጠር ግን ጥያቄው ታሪክ ይሆናል።

ዕድር ድንኳን መግዛት ከቻለ በሳምንት አንድ ከሰዓት አንድ መንገድ በገመድ መዝጋትም ይችላል። አሥር ቤተሰብ ተስማምቶ ልጆቹን በአንድ ሰዓት ቢያስወጣ ሌባና ፖሊስ ይሞላል። ዓይኑም የሚመለሰው እንዲሁ ነው፤ የጎረቤታችንን ልጅ ስም ከማወቅ ይጀምራል።

እናንተ ባደጋችሁበት ሰፈር የነበረው ሜዳ ዛሬ ምን ሆኗል? ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።