የፋርማሲ ትምህርት መግቢያ ከሀርሺን

በአሜሪካና በእንግሊዝ የፋርማሲ አመልካች በመምህራን ፊት ቀርቦ በቃል ይጠየቃል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን በር ከፋቹ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነው። ከሶማሌላንድ ጋር በሚዋሰነው፣ በፋፈን ዞን በሚገኘው ሀርሺን ያደገ ተማሪም በዚሁ ያልፋል። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው አድረዋል። ከዚያ ምደባ፣ የጋራ ኮርሶች፣ በመጨረሻም በውጤትና በምርጫ የትምህርት ክፍል ድልድል ይከተላል። በአቅራቢያው ያለው በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ምደባው ተማሪውን ሌላ ክልል ሊጥለው ይችላል። ትምህርቱ 5 ዓመት ይፈጃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ተጨምሮበታል።

በዚህ ሥርዓት ነጥብ እንጂ አንደበት አይመዘንም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የባለሙያው ሥራ ግማሹ ማስረዳት ነውና። አሞክሲሲሊን ለሕፃን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በጠርሙስ በሚመጣ ዱቄት ነው፤ እናትየዋ ውሃውን አፍልታና አቀዝቅዛ እስከ ምልክቱ ድረስ ትሞላለች፣ በሰጠች ቁጥርም ጠርሙሱን ትነቀንቃለች። ሀርሺን ውስጥ ውሃው የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ብርካ የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል ማፍላቱ አይዘለልም። ሰዓት ለሌላት እናት «በየ12 ሰዓቱ» ከማለት «ከሱብሂና ከመግሪብ ሰላት በኋላ» (ንጋትና ምሽት ላይ) ማለት ይቀላል፤ ያውም በሶማሊኛ። ውጭ አገር ቃለ መጠይቅ ለሚጠብቀው አመልካችም ከሁሉ የሚሻለው ልምምድ ይህንኑ ለአንዲት ጎረቤት ማስረዳት፣ ከዚያም መልሳ እንድትነግረው መጠየቅ ነው።