ከቅኔ ቤት እስከ ፓዌ፤ የተማሪ አንደበት ታሪክ

የንግግርና የጽሕፈት ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከባሕር ማዶ፥ ከኮሌጅ ትምህርት ጋራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ የቅኔ ቤትን ደጅ ያልረገጡ ሰዎች አሳብ ነው። በጎጃም የዋሸራና የጎንጅ፥ በወሎም የዋድላ ቅኔ ስሙ ከተሰማበት ዘመን ጀምሮ የመምህራኑ ዋና ድካም ዜማና ንባብ ያጠናውን ልጅ በጉባኤ ፊት አፉን የሚከፍት ሰው ማድረግ ነበር። ተማሪው መምህሩ ሲዘርፉ ይሰማል፤ ከዚያም ወደ ዱር ወጥቶ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቃል ይመርጣል፥ ያወጣል፥ ያወርዳል። ተመልሶም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያዘጋጀውን ይናገራል። የፊተኛው ሥራ ቆጠራ፥ የኋለኛውም ነገራ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ቤት ሳይቈጠር የሚነገር ነገር የለም፥ ተቈጥሮም ሳይነገር የሚቀር የለም።

ሕጉም ጽኑ ነው። የትናንት ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ የሌላ ሰው ቅኔ ደግሞ ያሳፍራል። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቤቱ ያልመታ፥ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማ እንደ ሆነ መምህሩ እዚያው ያርሙታል። ከመምህሩ እርማት ይልቅ ግን የጓደኛ ፈገግታ ይጎዳል፤ ብዙ የቅኔ ሊቅ የተሠራው በዚህ ፈገግታ ነው።

ነገር ግን የቆሎ ተማሪ የመጀመሪያ ዲስኩሩን የሚያሰማው በጉባኤው ፊት አይደለም፤ በገበሬው ደጃፍ ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ዐይነ አፋርነቱ በዚያ ይቀራል። ምግቡን ቃል ብቻ ያመጣለታልና ድምፁን ማንሣትና ማውረድ ይማራል፤ የትኛው ቤት ጥጋብ፥ የትኛውም ቤት ችግር እንዳለበት ከሊቅ ይልቅ ያውቃል። እንዲህ ሲሆን በሚቈጥረው ቅኔ ውስጥ ስለ ራሱ ረኀብ መናገሩ ጥቂት ነው። ቅኔው የበዓሉን ምስጢር፥ የቅዱሳኑን ገድል፥ የነገሥታቱን ስም ይዞ ይወጣል። መኰንንን በሰም ሸፍኖ የነካ ቅኔ በእርግጥ አልታጣም፤ ሆኖም መንካቱን የሚያውቁት ግእዝ የሚሰሙት ብቻ ነበሩ፥ ቆሎውን የሰጠው ገበሬ ግን አይሰማውም ነበር።

ይህን ጥበብ ከግእዝ ወደ አማርኛ፥ ከቤተ ክርስቲያንም ወደ መድረክ ካሻገሩት ሰዎች አንዱ የደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከጎጃም የቅኔ ጉባኤ ወጥቶ በአዲስ አበባ አስተማሪ ሆነ፤ ለተማሪዎቹ መዝሙርና ቴያትር እየደረሰ በሕዝብ ፊት እንዲናገሩ አደረጋቸው። በ1939 ዓ.ም. ሲሞት አገሩ ገና ኮሌጅ አልነበራትም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር አስተዳዳሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ፤ የማስተማሪያውም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ተማሪው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ያሰበውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፥ በእንግሊዝኛም ይከራከራል። የተማሪዎቹ ጋዜጣ እንኳ ስሙ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» ነበር። ከዚህ የተገኘው ትርፍ ግልጽ ነው፤ አሳብን በክፍል በክፍል መደርደር፥ የተቃራኒውን ነገር አስቀድሞ ሰምቶ መመለስ፥ ምስክር መጥራት የመሰለው ልማድ ከዚያ መጣ። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነው። በአደባባይ በባዕድ ቋንቋ የሚፈስ አንደበት በአባቱ ቋንቋ ሲጽፍ ይደናቀፍ ነበር፤ የሚናገረውንም የሚሰማው የኮሌጁ ሰው ብቻ ሆነ። ግእዝ በቅኔው ቤት ያደረገውን እንግሊዝኛ በኮሌጁ ደገመው ማለት ይቻላል።

በ1951 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት የትምህርት ዕድል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች ወደ ኮሌጁ መጡ። እነዚህ በየአገራቸው የነጻነት ትግል መካከል ያደጉ ስለ ነበሩ ስለ መንግሥት ነገር በግልጥ ይናገሩ ነበር፤ የኢትዮጵያውያኑም ጭምትነት አስገረማቸው። ጭምትነትን እንደ ጨዋነት ለተማረ ልጅ ይህ መገረም ቀላል ነቀፋ አልነበረም።

አማርኛ በኮሌጁ ዘንድ ክብሩን ያገኘው በአንድ ቀን ነው፤ ይኸውም የኮሌጅ ቀን በሚባለው ዓመታዊ በዓል ነበር። በዚያ ቀን መኳንንቱና እንግዶች ይሰበሰባሉ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙ ነበር፤ ተማሪዎች በግጥም ይወዳደሩና አሸናፊው ይሸለማል። ነገሩን ልብ ላለው ሰው ይህ የቅኔው ቤት ነገራ ነው፤ የተቈጠረው በጉባኤ ፊት ይነገራል፥ አዲስ መሆን አለበት፥ የሚሰማውም ጆሮ ከባድ ነው። ልዩነቱ ቋንቋው ሁሉ የሚሰማው አማርኛ መሆኑ ነው።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተነሣው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተማሪዎቹ ወደ አደባባይ ወጥተው ነበር፤ ሙከራውም ከሸፈ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም አነበበ። ርእሱን ብቻ መመርመር ይበቃል። ከዚያ በፊት ስለ ድሃ የተነገረው ምጽዋትን ለማሳሰብ ነበር፤ አሁን ግን ድሃው ራሱ ባለ አፍ ሆኖ ቀረበ። ከእርሱም በኋላ የዮሐንስ አድማሱ «እስኪ ተጠየቁ» መጣ፤ ይህም ከልመና ወደ ፍርድ ቤት ቋንቋ የተሻገረ ርእስ ነው። ዮሐንስ ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ሕይወትና ድርሰት ጥናት የጻፈ ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ የኮሌጁ ባለቅኔ ከማን ቤት እንደ ወጣ አልረሳም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተገለበጠ ነገር ይታያል። በቅኔው ቤት የተራበው ተማሪ ስለ ነገሥታት ክብር ይናገር ነበር፤ በኮሌጁ ደግሞ አልጋና ሦስት ጊዜ ምግብ ያለው ተማሪ በተራበው ሰው አንደበት ይናገር ጀመር። አንዳንዱ ይህን ርኅራኄ ይለዋል፥ አንዳንዱም ድፍረት። ምናልባት ሁለቱም ነው። አዳራሹ ውስጥ ሚኒስትሩም መምህሩም ነበሩ፤ ድሃው ግን አልነበረም። ባለሥልጣኖቹ ግጥሙን በበጎ አላዩትም፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሌጁ የነበረው አዳሪነት ቀረ። የዚህ ምክንያቱ ግጥም ብቻ ነው ማለት አይገባም፤ ተማሪዎቹ ግን እንዲያ አድርገው ተረዱት፥ ቃላቸውም ከዚያ ወዲህ ዋጋ እንዳለው አወቁ።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሌሎቹ ጋራ ተጠቃሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1957 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች አብረው መጡ። አንደኛው የየካቲቱ «መሬት ላራሹ» ሰልፍ ነው። ሁለተኛው ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል የሚያዝዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበር፤ አብዛኛውም በአስተማሪነት ሄደ። ለተማሪ አንደበት የኋለኛው ከፊተኛው ይልቅ ጠቀመ የሚያሰኝ ብዙ አለ። በገጠር ከተማ ትምህርት ቤት ቆሞ ለልጆች ሲያስረዳ እንግሊዝኛው አልረዳውም፤ ቀላል ቃል መፈለግ ነበረበት።

በ1959 ዓ.ም. የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፥ ማለት የገሞራው፥ «በረከተ መርገም» ተሰማ። በረከትንና መርገምን በአንድ ስም ማሰር የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ሥራ ነው፤ ርእሱ ራሱ ሰምና ወርቅ አለው። ከዚያ ወዲያ ግን ግጥሙ እየቀነሰ፥ መፈክሩ እየበዛ ሄደ። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት የወጣው የዋለልኝ መኰንን ጽሑፍ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የሚናገር ነው፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነበር። ሰለ ገበሬውና ስለ ቋንቋው የሚነገረው ነገር ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ መሆኑን ያኔ ያስተዋለ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ታኅሣሥ 19 ቀን የተማሪዎቹ ማኅበር መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ሳንሱር የተማሪን ቃል ቢያሳጥረው ቃሉ በሰም ተሸፍኖ ይወጣል፤ መፈክር ግን ሰሙንም ወርቁንም አስጥሎ ልፍ ያደርገዋል። ሁሉ አንድ ነገር በአንድ ድምፅ ሲል ቆጠራው ይቀራል።

በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ሄደ። ከዚያም የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ሽብር መጣ፤ በኮሌጁ አዳራሽ ከተሰሙት ድምፆች ብዙዎቹ በዚያ ጠፉ። ስለዚህ ዘመን ሌሎች በሰፊው ጽፈዋል።

የዚህ ታሪክ ጫፍ የሚገኘው ግን ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር ይቈጠር በነበረው በመተከል፥ በበለስ ወንዝ አጠገብ ባለችው በፓዌ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎንና ሌሎቹን አገሮች ሲያጠፋ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ከእነዚህ ከ80 ሺህ የሚበልጡት በመተከል ሰፈሩ። ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ከከምባታና ከሐዲያ፥ ከጎጃምም መጡ፤ ደጋ የለመደው ሰው በቆላው ሙቀት ገባ፥ ወባም ብዙዎችን ፈጀ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ለሰፋሪው ጎጆ እንዲሠሩ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ዘመቱ።

እንግዲህ በ1953 ዓ.ም. በአዳራሽ ውስጥ አንደበት የተሰጠው ድሃ ከ24 ዓመት በኋላ ከተማሪው ፊት ቆመ። ተማሪው ሣር ያጭዳል፥ እንጨትና ቀርከሃ ይቆርጣል፥ ምሰሶ ያቆማል፤ ሰፋሪው ከአጠገቡ ተቀምጦ ጎጆውን ይጠብቃል። ለዘመናት ከተጻፈው ግጥም ሁሉ የሚበልጥ ነገር በዚያ ነበር። ነገር ግን የኮሌጅ ቀን መድረክ የለም፤ ጋዜጣው የመንግሥት ነው፥ በሳንሱርም ያልፋል፤ በስብሰባ የሚነገረው አስቀድሞ የታወቀ ነው። የቀድሞው ተማሪ ድሃውን ሳያይ ተናገረለት፤ የፓዌው ተማሪ እያየው ዝም አለ። ዝምታውን ፍርሃት ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ደግ አይደለም። ከምባትኛ ለሚናገረው ሰፋሪ በየትኛው ቃል ይናገርለታል? ስለ ጉሙዙስ ማን ተናገረ? ጉሙዝ የዚያ ምድር የቆየ ባለቤት ነው፤ መንደሮቹ ሁሉ ሲመሠረቱ ግን አስተያየቱን የጠየቀው አልነበረም። «እስኪ ተጠየቁ» የሚለው ርእስ በዚህ ቦታ ሌላ ወርቅ ያወጣል።

በኢጣልያ መንግሥት ገንዘብ የቆመው የጣና በለስ ሥራ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ለውጥ ጋራ ተቋረጠ፤ ከሰፋሪው ብዙው ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ፥ ብዙውም ቀረ። መተከል ከጎጃም ወጥቶ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገባ፤ ፓዌም በዚያ ክልል ወረዳ ሆነች። ከፓዌ ብዙ በማይርቀው በግልገል በለስ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተከፍቶ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ያወጣል። በዚያ ጉሙዙና ሺናሻው፥ አገውና አማራው፥ ኦሮሞውም፥ የሰፋሪውም ልጅ በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። የመምህርነት ተማሪ ከመመረቁ በፊት በልጆች ፊት ቆሞ ማስተማርን ይለማመዳል፤ ትምህርቱን አስቀድሞ በወረቀት ያሰናዳል፥ ከዚያም ይናገራል፥ መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ ያርመዋል። የዋሸራ ሊቅ ቢያየው ቆጠራና ነገራ መሆኑን ለማወቅ ብዙ አይቸገርም ነበር።

ተመርቆ ወደ ፓዌ የሚመደበው አስተማሪ የሚሄድባቸው መንደሮች አብዛኞቹ ዛሬም የሚጠሩት በሰፈራው ጊዜ በወጣላቸው ቁጥር ነው። ልጆቹን ከወዴት ናችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው ከመንደር 7፥ ከመንደር 12፥ ከመንደር 30 ነን ይሉታል።