ደጋኑ በስብሷል፣ ድንጋዩ ይናገራል

ደጋን ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ለብዙዎቻችን እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት መሣሪያ ነው። የጎበጠ እንጨት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረ ጅማት፣ በቃ። የአዳኝ ደጋንም የሚሠራው በዚሁ መላ ነው፤ ልዩነቱ ጥጥ ማፍታታቱን ትቶ ቀስት መወርወሩ ላይ ነው።

እስቲ በምሕንድስና ዓይን እንየው። ደጋን የጉልበት ማጠራቀሚያ ነው። ጅማቱ ሲሳብ የእንጨቱ የውጭ ጎን ይለጠጣል፣ ወደ አዳኙ የዞረው ጎን ደግሞ ይጨመቃል። ክንድ ቀስ ብሎ ያስገባውን ጉልበት እንጨቱ ይዞ ይቆያል። ጣት ሲለቅ ያ ሁሉ በቅጽበት ወደ ቀስቱ ይተላለፋል። ቀስቱ ቀላል ስለሆነ በእጅ ከሚወረወር ጦር እጅግ ይፈጥናል።

ታዲያ ሰው ይህን መላ ያገኘው መቼ ነው? ለመመለስ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። እንጨት ይበሰብሳል፣ ጅማት ይበላል። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ጫፉ ላይ የነበረው ድንጋይ ነው። ስለዚህ የደጋን ታሪክ የሚነበበው ከደጋኑ ሳይሆን ከድንጋዩ ነው።

ድንጋዩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሰበታ፣ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ ብትይዙ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። በአቅራቢያው ባልጭት አለ፤ የቦታው ስም ከድንጋዩ ስም ጋር አንድ ነው። ባልጩት፣ በሳይንሱ ስም ኦብሲዲያን፣ የቀለጠ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። በዚያ አካባቢ ሰዎች ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ሲፈልጡት ኖረዋል። በሀዲያ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎችም እስከ እኛ ዘመን ድረስ ተጠቅመውበታል። ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጭትን በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ባልጩት መስታወት መሆኑ ለተመራማሪ ትልቅ ዕድል ነው። መስታወት ቀስ ተብሎ ተጭኖ ሲሰነጠቅና ድንገት ተመትቶ ሲሰነጠቅ የስንጥቁ ፍጥነት አንድ አይደለም። በስባሪው ፊት ላይ የ«ቪ» ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን መስመሮች ይቀራሉ፤ ከመስመሮቹ አንግል ፍጥነቱን ማስላት ይቻላል። ኢትዮጵያዊው አርኪኦሎጂስት ዮናታን ሳህለና ባልደረቦቹ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በጋዴሞታ የተገኙ የባልጩት ጫፎችን እንዲህ መረመሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መሠረት ከጫፎቹ አንዳንዶቹ የተሰበሩት ተወርውረው ነው፤ ዕድሜያቸውም ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የሚያሳየው በእጅ የሚወረወር ጦርን እንጂ ደጋንን አይደለም።

ወደ ደጋን የሚያቀርበን ሌላ ቦታ ነው፤ በመተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የኖሩ ሰዎች የተጠቀሙባቸውን ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ይገልጻል። ዘመኑ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነው፤ ደቃቅ የመስታወት ብናኙ ሽንፋ ድረስ ደርሶ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። በጋው ሲረዝምና ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲቆራረጥ ሰዎቹ ዓሣ በብዛት መብላት ጀመሩ። አደኑንም አልተዉም።

የጫፎቹ ማነስ ለምን ቁም ነገር ሆነ? የቀስት ዘንግ ቀጭንና ቀላል ነው። ከባድ ጫፍ ቢገጠምለት ሚዛኑን ያጣል። የጦር ዘንግ ግን ወፍራም ስለሆነ ጫፉም ሰፋ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ አይከፈትለትም። ተመራማሪዎቹ የሽንፋን ጫፎች የቀስት ናቸው ያሏቸው በመጠናቸው፣ በቅርጻቸውና በአሰባበራቸው ነው። ደጋኑን ግን ያየው የለም። ማስረጃው ጠንካራ ቢሆንም አሁንም ግምት ነው፤ ሳይንስም «ሳይሆን አይቀርም» ማለትን አያፍርበትም።

ይህ ሁሉ ንባብ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ድንጋዩ ከነበረበት የአፈር ንብርብር ጋር መገኘቱ። የሽንፋን ጫፎች ከቶባ ዘመን ጋር ያገናኘው አብሯቸው የተቀበረው ብናኝ ነው። አንዲት ጫፍ ከቦታዋ ተነስታ ኪስ ውስጥ ከገባች ውብ ድንጋይ ትሆናለች እንጂ ዕድሜዋን የሚመሰክርላት የለም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በየቀኑ መሠረት የሚቆፈርባቸው፣ ድንጋይ የሚፈለጥባቸው አካባቢዎች ናቸው። እዚያ የምትኖሩ ወጣቶች በቁፋሮ መካከል በሰው እጅ የተፈለጠ የሚመስል ባልጩት ካያችሁ አታንሱት። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ በአካባቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያዛል። እንጨቱና ጅማቱ ላይመለሱ ሄደዋል፤ የቀረውን ምስክር ግን ቃሉን ሳይሰጥ ማጣት የለብንም።