የቤተ ክርስቲያን ደን

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ተጠብቆ የቆየ የአገር በቀል ዛፎች ደን። ከሩቅ ሲታይ በታረሰ መሬት መካከል እንደ ደሴት ነው፤ አብዛኛው የሚሸፍነው ጥቂት ሄክታር ብቻ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ከብዙ አካባቢ ማሳና ተራራ ሲጠፉ ዘራቸው የተረፈው በዚሁ ዐፀድ ነው። ምእመናን ደኑን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ይሉታል።

ቦታው መካነ መቃብርም ነው። ድንጋይ ብቻ የተከመረበትን መቃብር ጊዜ ሲያልፍ ሣርና ችግኝ ያለብሰዋል፤ በሲሚንቶ የሚሠራው ግን ዛፍ ሥር የሚሰድበትን አፈር ይዘጋል። የሟችን ስም ማቆየት የሚገባ ነገር ነው፤ መሬቱ ግን አይጨምርም። ከዚህ የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ከብት ነው፤ ላም ቡቃያውን በጋጠች ቁጥር ያረጀው ጽድ ተተኪ ያጣል። ስለዚህ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ማርጋሬት ሎማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር ደኖች በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ አድርገዋል። ድንጋዩን ገበሬው ከገዛ ማሳው ይለቅመዋል፤ ማሳው ለማረስ ይቀለዋል፣ ከካቡ ወዲህም ችግኝ ብቅ ይላል።