«ግሌዝ» እና የፎገራ ምጣድ

«ግሌዝ» ከሴራሚክ ንጣፍና ከኬክ ጋር ወደ አማርኛ እየገባ ያለ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ሥሩ ከመስታወት ስም የወጣ በመሆኑ፣ መስኮት ላይ መስታወት መግጠምም፣ ዳቦን የሚያብረቀርቅ ቅብ መቀባትም፣ የዓይን መፍዘዝም በእርሱ ይጠራሉ። በሸክላ ሥራ ግን ትርጉሙ ጥብቅ ነው፤ ሲሊካ የተባለው የአሸዋ ማዕድን ከማቅለጫ ጋር ተደባልቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ቀልጦ፣ በዕቃው ገጽ ላይ መስታወት ሆኖ የሚጣበቅ ሽፋን ነው።

በወረታና በፎገራ ሜዳ ቤቶች እንጀራ የሚጋገርበት የሸክላ ምጣድ ጥቁር ወዝ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ሸክላ ሠሪዋ ገጹን ከመተኮሱ በፊት በልሙጥ ድንጋይ ታሸዋለች፤ ባለቤቲቱ ደግሞ አዲሱን ምጣድ አግላ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግማ እያሸች ታሟሸዋለች፤ ዘይቱም በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ስለሚያር እንጀራው አይጣበቅም። የፎገራ ሩዝም ቢሆን ነጭነቱንና ልስላሴውን የሚያገኘው ገለባውና ብራን የተባለው ውስጠኛ ቅርፊቱ በወፍጮ ሲነሣለት እንጂ ሽፋን ሲጨመርለት አይደለም፤ ስለዚህ የተፈተገውን ሩዝ «ግሌዝ የተደረገ» ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሸክላው «የመስታወት ልባጥ»፣ ለዳቦና ለኬክ «ቅብ» ቢባል ይስማማል፤ «ማሟሸት» የሚለው ግን የራሱ የተሟላ ጥበብ ስም ስለሆነ ለግሌዝ ትርጉም ሊሰጥ አይገባም።