ወንበርና ሥልጣን፦ የሼፊልድ ከተማ ምክር ቤት ምርጫና የ2021 ሕዝበ ውሳኔ

ስለ አካባቢ ምርጫ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ በሚለው ላይ ነው። ይህ መጣጥፍ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያነሣል፦ የተመረጠው ሰው ወንበሩን ከያዘ በኋላ ምን የመወሰን ሥልጣን አለው? በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው የሼፊልድ ከተማ ነዋሪዎች ይህን ጥያቄ ራሳቸው አንሥተው መልሱንም በድምፃቸው ስለሰጡ፣ ጉዳዩን ለመመርመር ከእርሷ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። የመጣጥፉ መከራከሪያ አጭር ነው፤ የአካባቢ ምርጫ ዋጋ የሚለካው በድምፅ መስጫው ሳጥን ብቻ ሳይሆን፣ ድምፁ በምክር ቤቱ ውስጥ ውሳኔው ከሚሰጥበት ጠረጴዛ በመድረስ አለመድረሱም ጭምር ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምርጫው አደረጃጀት

ሼፊልድ በ28 የምርጫ ወረዳዎች የተከፈለች ስትሆን፣ እያንዳንዱ ወረዳ ሦስት ተወካዮች አሉት፤ በድምሩ 84 ወንበሮች ማለት ነው። ወንበሮቹ በአንድ ጊዜ ለውድድር አይቀርቡም። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በሜይ ወር፣ አንድ ሦስተኛው ወንበር በየተራ ይመረጣል፤ አራተኛው ዓመት ያለ ምርጫ ያልፋል። በወረዳው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግን ግዴታ አይደለም።

ይህ አሠራር ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል መራጩ ደጋግሞ ስለሚጠየቅ ፓርቲዎች ከነዋሪው ደጅ አይርቁም። በሌላ በኩል በአንድ ዓመት ለውድድር የሚቀርቡት 28 ወንበሮች ብቻ ስለሆኑ፣ ሰፊ አብላጫ የያዘ ፓርቲ የሕዝብ ቁጣ በበረታበት ዓመት እንኳ ሥልጣኑን ላያጣ ይችላል። ሼፊልድን ለብዙ ዓመታት የመራው ሌበር ፓርቲም የተጠቀመው ከዚሁ ነው።

ማን ይመርጣል የሚለውም መታየት አለበት። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ዜጎች ሌላ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን የሚያሟሉ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎችና የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ይመርጣሉ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች፣ በከተማዋ ለዓመታት የኖረ፣ ግብር የሚከፍል ኢትዮጵያዊ የብሪታንያ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ ድምፅ የለውም፤ የኬንያና የናይጄሪያ ተወላጅ ጎረቤቶቹ ግን ዜግነታቸውን ሳይቀይሩ መምረጥ ይችላሉ። ሼፊልድ በ2007 የብሪታንያ የመጀመሪያዋ ‹‹የመጠለያ ከተማ›› ተብላ ለስደተኞች በሯን የከፈተች ከተማ መሆኗ ሲታሰብ፣ ይህ ልዩነት ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ካቢኔውና ዛፎቹ

በ2000 የወጣው የአካባቢ መስተዳድር ሕግ እስከዚያ በኮሚቴ ሲሠሩ የነበሩትን አብዛኞቹን የእንግሊዝ ምክር ቤቶች ወደ ሌላ አሠራር ወሰዳቸው። ሼፊልድም አንድ መሪና ካቢኔ ያለውን ሥርዓት ያዘች። ካቢኔው መሪውን ጨምሮ ከአሥር ሰው ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ከ84ቱ ተመራጮች ቢያንስ 74ቱ በአብዛኞቹ ጉዳዮች ጥያቄ ማቅረብና መተቸት እንጂ መወሰን አይችሉም ነበር። የእነዚህ ሰዎች መራጮች ድምፅ ሰጥተዋል፤ ድምፃቸው ግን ከውሳኔው ክፍል ደጃፍ ላይ ይቆም ነበር።

የዚህን አሠራር ጉዳት የከተማዋ ሕዝብ በግልጽ ያየው በመንገድ ዳር ዛፎች ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ በ2012 መንገዶችን ለማደስ ከኤሚ ኩባንያ ጋር የ25 ዓመት፣ 2.2 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ውል ፈረመ። በሥራው ሂደት ጤነኛ የሆኑ ዛፎች ጭምር መቆረጥ ጀመሩ። ነዋሪዎች ዛፎቹን በሰውነታቸው ከለሉ፤ ምክር ቤቱም ተቃዋሚዎችን ፍርድ ቤት አቆመ። በኖቬምበር 2016 በረስትሊንግስ ጎዳና ሠራተኞች በፖሊስ ታጅበው ጎሕ ሳይቀድ ዛፍ ሲቆርጡ ነዋሪዎች ታሰሩ። በ2018 ከ36,000 ገደማ ዛፎች 17,500ውን የመተካት ቁጥር በውሉ ውስጥ እንዳለ ይፋ ሆነ። ውሉን አስቀድሞ የመመርመር ዕድል ያላቸው ተመራጮች ቢበዙ ኖሮ፣ ጥያቄው ከጎዳናው በፊት በአዳራሹ በተነሣ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ሰር ማርክ ሎውኮክ የመሩት አጣሪ ጉባኤ በ2023 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ምክር ቤቱ ፍርድ ቤትን ጭምር ማሳሳቱን አረጋገጠ።

ሕዝበ ውሳኔው

የ2011 ሕግ ምክር ቤቶች ወደ ኮሚቴ አሠራር እንዲመለሱ ፈቅዷል፤ ከመራጩ አምስት በመቶው ከፈረመም ሕዝበ ውሳኔ መጥራት ግዴታ ይሆናል። የሼፊልድ ነዋሪዎች በ2019 ከሚፈለገው በላይ ፊርማ አቀረቡ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የዘገየው ድምፅ በሜይ 6 ቀን 2021 ሲሰጥ 89,670 መራጮች የኮሚቴ ሥርዓትን፣ 48,727 ደግሞ ነባሩን ሥርዓት መረጡ። በዚያው ቀን በተካሄደው የምክር ቤት ምርጫ ሌበር አብላጫውን አጣ፤ የምክር ቤቱ መሪም ወንበራቸውን በግሪን ፓርቲ ዕጩ ተነጠቁ። መራጩ ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን የሥልጣኑን አደረጃጀትም በአንድ ቀን ለወጠ።

ለውጡና ገደቡ

ከሜይ 2022 ጀምሮ ውሳኔ የሚሰጠው ከየፓርቲው በወንበር ብዛት በተውጣጡ ኮሚቴዎች ነው። ካቢኔን የሚደግፉ ወገኖች ኮሚቴ ይዘገያል፣ ተጠያቂው ማን እንደሆነም አይታወቅም ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ኃላፊነት ለብዙዎች ሲከፋፈል ጥፋተኛውን ለይቶ በምርጫ መቅጣት ያስቸግራል። ይሁንና የዛፎቹ ታሪክ እንደሚያሳየው የፈጠነ ውሳኔም ምርመራ ካልተደረገበት ለእርማት ብዙ ዓመት ይፈጃል። በክፍት ስብሰባ፣ ተቃዋሚው ፓርቲ ባለበት የሚደረግ ክርክር የሚወስደው ጊዜ ባክኗል ሊባል አይገባም።

እውነተኛው ገደብ ሌላ ቦታ ነው። ኮሚቴው የቱንም ያህል ቢተጋ፣ የበጀቱ ትልቅ ክፍል በለንደን ይወሰናል፤ ከ2010 ወዲህ የማዕከላዊ መንግሥት ድጎማ ክፉኛ ቀንሷል። የአስተዳደሩ ቅርጽም ቢሆን ሕጋዊ መሠረቱ በፓርላማ እጅ ነው። በጁላይ 2025 ለፓርላማ የቀረበው የእንግሊዝ ሥልጣን ማከፋፈያ ረቂቅ ሕግ፣ እንደቀረበ፣ የኮሚቴ ሥርዓትን የሚያስቀር ድንጋጌ ይዞ ነበር። ሥልጣንን ወደ ሕዝብ አቀርባለሁ የሚል ሕግ ወደ 90,000 የሚጠጉ ሰዎች በቀጥታ ድምፅ የመረጡትን አሠራር የሚያፈርስ ከሆነ፣ ከራሱ ዓላማ ጋር ይጋጫል።

ከሼፊልድ የሚገኘው መርህ ግልጽ ነው። ተመራጭ ሁሉ በውሳኔው ድርሻ ሊኖረው ይገባል፤ በከተማው የሚኖርና ግብር የሚከፍል ሁሉ፣ የትም ይወለድ የት፣ መራጭ ሊሆን ይገባል፤ ሕዝብ በድምፁ ያቆመውን አሠራርም መለወጥ ያለበት ያው ሕዝብ በድምፁ ነው።