የሚመግል ጆሮ፦ «ይገድላል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ «እንዴት ትኖራለህ?» እስከሚለው



የዛሬው ገለጻዬ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የመካከለኛ ጆሮ ብግነት ስለሚሉት በሽታ ታሪክ ነው። የጆሮ ታምቡር ይቀደድና ሳይደፈን ይቀራል፤ መግልም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየተመላለሰ ይፈሳል። እኛ «ጆሮው ይመግላል» ብለን እናልፈዋለን። ጆሮ ደግፍን የራሱን ስም ሰጥተነዋል፤ ይህን ግን የምንጠራው ተመልካች በሚያየው ምልክት ነው። ሕመምተኛው የሚሰማው ነገር በአጠራራችን ውስጥ የለም። ሕክምናም ለረጅም ዘመን ከዚህ የተለየ አልነበረም። (ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ብርቱ የጆሮ ሕመም ከትኩሳት ጋር ሲመጣ ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል ከሂፖክራጥስ ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። መካከለኛውን ጆሮ ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ነውና ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ስለዚህም የሐኪሙ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ ይገድላል ወይስ አይገድልም? በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የዴንማርክ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ዮሐን ዩስት ፎን በርገር ከጆሮው ጀርባ ያለውን አጥንት አስከፈተ፤ ሞተም። ወደ ቢላዋ የወሰደው መደንቆሩና የጆሮው ጩኸት ነበር፤ በዛሬው አነጋገር የሕይወት ጥራት ብለን የምንጠራውን ፍለጋ ነው የሄደው። የእርሱ ሞት ቀዶ ሐኪሞችን እጅግ ስላስፈራ፣ በሃለ ከተማ ሄርማን ሽቫርትሰ በ1873 ሥርዓት ያለው ዘዴ እስኪያወጣ ድረስ ቀዶ ሕክምናው ተጥሎ ቆየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቆይበት የምወደው የአንድ አባትና ልጅ ጉዳይ ነው። ሰር ዊልያም ዋይልድ በደብሊን የታወቀ የዓይንና የጆሮ ሐኪም ነበር። በ1853 ያሳተመው መጽሐፍ በዘርፉ ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ የሚደረግ አንድ ዓይነት ቅድም በስሙ ይጠራል። የሚፈስ ጆሮ ቸል እንዳይባልም አጥብቆ አስጠንቅቋል። ልጁ ደራሲው ኦስካር ዋይልድ ነው። ኦስካር በሬዲንግ እስር ቤት ሳለ በሐምሌ 1896 ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቤቱታ ጻፈ። በምግል ምክንያት የቀኝ ጆሮው ታምቡር እንደተቀደደ፣ መስማቱንም ሊያጣ እንደተቃረበ፣ የእስር ቤቱ ሐኪምም ሊረዳው እንደማይችል እንደነገረው ያትታል። አእምሮዬን እስታለሁ የሚለውን ስጋቱንም እዚያው ላይ ገልጿል። ከተፈታ በኋላ በጥቅምት 1900 ፓሪስ ውስጥ በሆቴል ክፍሉ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ኅዳር 30 ቀን ሞተ። በምን እንደሞተ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ከጆሮው ወደ አንጎል የተዛመተ ልክፈት ነው የሚለው ግምት የብዙዎች ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን አቤቱታው ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ሕመምተኛው ራሱ ይናገራል፤ የሚናገረውም ስለ መሞት ሳይሆን በዚህ ጆሮ እየኖረ ምን እንደሚያጣ ነው።

ቀጣዩን ምዕራፍ በአጭሩ ልለፈው። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች የሞትን ስጋት ቀነሱ፤ በ1950ዎቹ ጀርመናውያኑ ቩልሽታይንና ጾልነር ታምቡርን መልሶ መሥራት አስፋፉ። ጥያቄውም «ደረቀ ወይ? ስንት ዴሲቤል ይሰማል?» ወደሚል ተለወጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2004 ባወጣው ዘገባ ጆሮአቸው የሚፈስባቸውን ሰዎች ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን ገምቷል፤ ከመቶ ስድሳው የመስማት ጉዳት አለባቸው ይላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ምን ያህል ሳንጠይቅ እንደቆየን ይመሰክራል።

ሕመምተኛውን በቀጥታ የሚጠይቁ መጠይቆች በስፋት የመጡት በ21ኛው መቶ ዘመን ነው። በ2014 የታተመው የብሪታንያ መጠይቅ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይመለሳል። ስለ ፈሳሹና ስለ ሽታው፣ በጫጫታ መካከል ስለ መስማት፣ ስለ ማዞር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መንፈስ መጨነቅ ይጠይቃል። ከመጨረሻው ወንበር የማይነሳውን ተማሪ፣ ሽታው እንዳይታወቅባት ከቡና ጠጪዎች ፈንጠር ብላ የምትቀመጠውን ሴት የምታውቁ ሁሉ ጥያቄዎቹ ከየት እንደመጡ ይገባችኋል።

አንዱ ጥያቄ ጆሮን ከውኃ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይጠይቃል። ለእንግሊዛዊው ጉዳዩ ገላ መታጠብና ዋና ነው። በእኛ አገር ግን ውኃ በጥምቀት የሚረጨው ነው፤ በራስ ላይ የሚወርደው ጠበል ነው፤ በውዱእ ጊዜ ጆሮ የሚታበስበት እርጥብ ጣት ነው። «ውኃ እንዳይነካህ» የተባለ ሰው አንዱ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ወትፎ ጠበሉ ዘንድ ይቆማል፤ ሌላው ጭራሽ ይቀራል። መጠይቁን ወደ አማርኛ ስንመልስ ለሁለቱም የምንተወው ቦታ ያው አንድ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።